ክሴ በከፊል ውድቅ ተደረገ፤ በቀረው ቤቴን ማስመለስ እችላለሁ?

የጅዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ሳውዲ፣ ጅዳ ነው። መጀመሪያ በሰው ቤት ሠራሁ። ኋላ ከጓደኛዬ ጋር ምግብ እያበሰልን ለአገራችን ልጆች መሸጥ ጀመርን። በዚያ ገንዘብ ነው አዲስ አበባ፣ አየር ጤና አካባቢ ቤት የገዛሁት። 150 ካሬ ላይ ያረፈ ነው። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከጀርባ አራት ሰርቪስ። ካርታው በስሜ ወጣ። በ2007 ዓ.ም. ጅዳ ባለው ቆንስላችን ቀርቤ ለታላቅ ወንድሜ ውክልና ሰጠሁት። ቤቱን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲከፍል ነው። መሸጥ የሚል ቃል የለበትም።

ከኪራዩ ለእናታችን የወር ወጪ ይሰጣት ነበር። የቀረውን "ባንክ እያስቀመጥኩልሽ ነው" ይለኛል። እኔም አመሰግነው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከሰርቪሶቹ በአንዱ የምትኖር ተከራይ በኢሞ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ቤቱን ሸጥሽው እንዴ? አንድ ሰውዬ መጥቶ ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራይ ለእኔ ነው የምትከፍሉት እያለን ነው" አለችኝ።

ሲጣራ ቤቱ የተሸጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። የተሸጠበት ውክልና እኔ የሰጠሁት አይደለም። ሌላ ነው። እኔ ራሴ አዲስ አበባ በአካል ቀርቤ፣ "መሸጥ መለወጥ ይችላል" ብዬ እንደፈረምኩ ይናገራል። በዚያ ቀን እኔ ጅዳ ነበርኩ! ፓስፖርቴ አለ፣ ኢቃማዬ (የሳውዲ መኖሪያ ፈቃዴ) አለ፣ የመውጫና የመግቢያ ማህተሙ አለ። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ 900 ሺህ ብር ነው። ገዢው የወንድሜ ሚስት የአክስት ልጅ ነው። ገንዘቡ የገባው በወንድሜ ሚስት የባንክ ሒሳብ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በጠበቃ ከሰስኩ። አራት ተከሳሾች ናቸው፤ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ገዢውና ሰነዱን ያረጋገጠው መሥሪያ ቤት። ውሉ እንዲፈርስ፣ በገዢው ስም የወጣው ካርታ እንዲሰረዝ፣ ቤቱን እንዲያስረክቡኝ፣ የኪራይ ገንዘብ፣ የሕሊና ጉዳት ካሳ እና ከመሥሪያ ቤቱም ካሳ ጠየቅኩ። ተከሳሾቹ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረቡ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ብይን ተሰጠ።

መሥሪያ ቤቱ "ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የተከሰስኩት" ብሎ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ተብሎ፣ ወጣ። የወንድሜ ሚስት "በእሷ ላይ የክስ ምክንያት አልተገለጸም" ተብላ ወጣች። የሕሊና ጉዳቱ ውድቅ ሆነ። ኪራዩም ክስ ከቀረበበት ቀን ወደ ኋላ የሁለት ዓመቱ ብቻ ቀርቶ የበፊቱ ውድቅ ተደረገ። ወንድሜ "ውል ይፍረስ የሚባለው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው" ያለውን ግን ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ስለዚህ ውሉ፣ ካርታውና ቤቱ ላይ ክርክሩ ይቀጥላል። ፊርማና አሻራው በፌዴራል ፖሊስ ፎረንሲክ እንዲመረመር ታዟል።

ለሊቱን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሳላውቀው የተሠራብኝን ነገር እንዴት "ዘግይተሻል" እባላለሁ? በተሰረዘው ላይ አሁኑኑ ይግባኝ ልበል ወይስ ዋናው እስኪያልቅ ልጠብቅ? ደግሞ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ወንድሜ አንድ ሚሊዮን ተኩል ልስጥና ክሱ ይቋረጥ እያለ ነው። እናቴ በስልክ ስታለቅስ ትውላለች። ምን ትሉኛላችሁ?


የልደታ ጠበቃ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ። መዝገቡን አላየሁም፤ በጻፍሽው ላይ ብቻ ነው የምናገረው። ግን ከጻፍሽው የምረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የክስሽ ልብ አልተነካም። ውሉ፣ ካርታውና ቤቱ በችሎት ላይ ናቸው። የተቆረጠው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ጉልበትሽን የት እንደምታውዪ አሁን መወሰን አለብሽ።

ስለ ሁለት ዓመቱ። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሳ ሲጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ይላል። የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ነው። አንቺ ካወቅሽበት ቀን አይልም። ሽያጩ 2011፣ ክሱ 2015። ዳኛው በዚህ መልኩ ቢያየው አይገርምም፤ ለአንቺ ግን መራራ እንደሆነ ይገባኛል። እኔም በውጭ አገር የሚኖሩ ደንበኞቼ በዚህ አንቀጽ ሲሸነፉ ያንገበግበኛል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሰው ጅዳ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላይ ቤቱ እንደሚሸጥበት ያኔ ማን አሰበ?

ነገር ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ ንዑስ ቁጥር ሁለት አለ። ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ለዚያ ወንጀል ከሁለት ዓመት የሚረዝም ይርጋ ካስቀመጠ፣ ለካሳው ጥያቄም የሚሠራው ረጅሙ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትና በእሱ መገልገል ደግሞ በወንጀል ሕጉ ከባድ ነገር ነው። ጠበቃሽ ለመቃወሚያው በሰጠው መልስ ይህን አንስቶት እንደሆነ ጠይቂው። ካነሳው ጥሩ የይግባኝ ነጥብ ነው። ይህ ነጥብ በወንድምሽ ላይ በቀጥታ ይሠራል። በመሥሪያ ቤቱ ላይ ግን ቀላል አይሆንም። ከሠራተኞቹ አንዱ በወንጀሉ ውስጥ እጁ እንዳለበት ካልታየ "እኔ ወንጀል አልሠራሁም" ይላል።

የኪራዩ ነገር ላይ ብይኑ የተሳሳተ ይመስለኛል። እስከ 2014 ድረስ ኪራይ ይሰበስብ የነበረው ወንድምሽ ነው። በምን ሥልጣን? በ2007 አንቺ በሰጠሽው እውነተኛ ውክልና። ያ ውል ነው። ወኪል የተቀበለውን ማስረከብና ሒሳብ ማቅረብ አለበት። ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ይርጋው በቁጥር 1845 መሠረት አሥር ዓመት ነው። ሁለት ዓመቱን እዚህ ማምጣት ልክ አይደለም።

የሕሊና ጉዳቱን ተዪው። ሕጉ እሱን በገንዘብ የሚክሰው በተለይ በፈቀዳቸው ጉዳዮች ብቻ ነው። በፈቀደባቸውም ጣሪያው 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ። ለእሱ ብለሽ አንድ ገጽ አታጽፊ።

ይግባኙን በተመለከተ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 320 ንዑስ ቁጥር 3፣ በመካከል በሚሰጥ ትእዛዝና በመቃወሚያ ላይ በተሰጠ ብይን ወዲያው ይግባኝ አይባልም፤ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር አብሮ ይነሳል ይላል። ይህ ለአንቺም ለወንድምሽም ነው። እሱም ውድቅ በሆነበት መቃወሚያ አሁን ዘሎ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ይህ ይጠቅምሻል። ከመዝገቡ ሙሉ በሙሉ የወጡት ሚስቱና መሥሪያ ቤቱ ላይ ግን "ለእነሱ ክርክሩ አልቋል፤ ስለዚህ የመጨረሻ ውሳኔ ነው" የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። እኔ ብሆን ግልባጩን ዛሬ አስወጥቼ በ60 ቀን ውስጥ አቀርባለሁ። ይግባኝ ሰሚው "ጊዜው ገና ነው" ቢል የምታጪው ጥቂት ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን "ያኔ ለምን አላልሽም" ብትባዪ መልስ የለሽም።

አሁን ለእኔ ከሁሉ በላይ የሆነውን ልጠይቅሽ። እግድ አለሽ? በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በዋስትና እንዳይያዝ የሚል እግድ ወጥቷል? ከወጣስ ከዚህ ብይን በኋላ ጸንቷል? ክስ በከፊል ሲወድቅ ተከሳሾች ቶሎ ብለው "እግዱ ይነሳልን" ይላሉ።


የኮልፌ ሰው፦

ጠበቃው ስለ እግድ ያለው ልብ ይባልልኝ። የእናቴን ቤት በዚሁ ዓይነት ነው የሸጡብን። ውክልናው ላይ ያለው አሻራ የእሷ አልነበረም። እግድ ወጥቶልን ነበር። ፍርድ ቤቱ ጻፈ፣ ደብዳቤው ተላከ ተባለ፣ እኛም ዋና ክርክሩ ላይ አተኮርን። ደብዳቤው ግን መዝገብ ቤት ገብቶ የቤቱ ፋይል ላይ አልተያያዘም። እዚያው ቀረ። ገዢው ካርታውን ይዞ ባንክ ሄደ። ፋይሉ ንጹሕ ነው ተባለ። ብድር ወሰደበት።

ከዚያ ብድሩን አልከፈለም። እኛ የሰማነው የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ፍርድ ቤት ሳይሄድ ነው የያዘውን ቤት የሚሸጠው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ከዚያ ሐራጅ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ደግሞ ለተበዳሪው እንጂ ለእናቴ አይደለም። ሮጠን ሐራጁን አሳገድን። ባንኩም ወደ ክርክሩ ገባ። ሁለት ሰው የነበረው ሦስት ሆነ፤ ክርክሩ ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ተንከባለለ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏት በዱላ እየተደገፈች ችሎት ደጃፍ ትቀመጥ ነበር። እስካሁን ያንን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ እህቴ፣ "እግድ ወጥቷል" ሲሉሽ አትመኚ። ሰው ላኪ። ደብዳቤው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ይያዝ። ከዚያ ካርታ ክፍል ሄዶ ፋይሉ ተከፍቶ እግዱ መያያዙን በዓይኑ ይይ። ከተቻለ "በዚህ ይዞታ ላይ እግድ አለ" የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስጠይቂ። የተጻፈ ነገር ካለሽ በኋላ ማንም "አላየንም" አይልሽም።

አንድ ነገር ደግሞ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማህተም ብቻውን አይበቃም ብለው ይከራከሩሻል፤ "ሌላ ፓስፖርት ሊኖራት ይችላል" ይላሉ። በእኛ ጉዳይ ሌላ ምስክር ላይ እንዲህ ብለዋል። ፍርድ ቤቱ ኢሚግሬሽን የመውጫና የመግቢያ መዝገብሽን በደብዳቤ እንዲልክ ያዝዝልሽ።


የጅዳዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እግድ አለኝ፤ ክሱ እንደገባ ነው የወጣው። ፋይሉ ላይ መያያዙን ግን አላረጋገጥንም። ይህን ሳነብ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። ነገ ያቺን ተከራይ እልካታለሁ፤ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከዘመድ ይልቅ አምናታለሁ።

ጠበቃዬን ጠየቅኩት። ንዑስ ቁጥር ሁለትን በመልሱ ላይ አንስቶታል፤ ብይኑ ግን ስለሱ ምንም አላለም። ወንጀሉን ለፖሊስ አመልክቻለሁ። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው ያለው።

የወንድሜ ሚስት መውጣቷ ነው የማይዋጥልኝ። ገንዘቡ በስሟ ገብቶ እንዴት የክስ ምክንያት የለም ይባላል? ገዢውም "እኔ በቅን ልቦና ገንዘብ ከፍዬ ነው የገዛሁት፤ የማውቀው ነገር የለም" ይላል። እሱስ ይህን ብሎ ያመልጣል?


ጋሽ ዘነበ፦

ልጄ፣ ሕጉን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ሽማግሌው ልንገርሽ። በሰፈሬ ብዙ እርቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ሽማግሌ መላኩ ክፉ አይደለም፤ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። ግን እርቅ የሚጀምረው በገንዘብ አይደለም። መጀመሪያ ጥፋተኛው ያደረገውን በሽማግሌ ፊት ይናገራል። "ውክልናውን እኔ አሠራሁት" ብሏል? ካላለ፣ የመጣው ለእርቅ አይደለም፤ ለዋጋ ነው።

አየር ጤና 150 ካሬ ቤት ዛሬ በአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚገኝ የት ነው? ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ። እኔ ብቀመጥ የመጀመሪያው ቃሌ "ቤቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ፤ ከዚያ ስለ ቀሪው እንነጋገር" ነው። ገዢው የሚስትየዋ ዘመድ ነው ብለሻል። ከፈለጉ መመለስ ይችላሉ ማለት ነው።

እናትሽን ግን ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። ሽማግሌዎቹ ሳይኖሩ፣ ወንድምሽም አጠገባቸው ሳይቀመጥ። ምናልባት የሚያስለቅሳቸው ያንቺ ክስ ሳይሆን ልጄ ይታሰራል የሚለው ፍርሃት ነው። ምን እንደነገራቸው ስሚ። ብዙ ጊዜ እናት የሚደርሳት ታሪክ ግማሹ ነው።

በቃል ተስማምተሽ ክስ እንዳታቋርጪ አደራ።


የልደታ ጠበቃ፦

ጋሽ ዘነበ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የመጨረሻዋን ቃል እኔም እደግመዋለሁ። ስምምነት ከተደረሰ በጽሑፍ ሆኖ ለችሎቱ ይቅረብና ፍርድ ቤቱ መዝግቦ ያጽድቀው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ይህን ይፈቅዳል። ያኔ ካልፈጸመ እንደ ፍርድ ታስፈጽሚዋለሽ። ሌላ ማወቅ ያለብሽ፣ ሰነድ ማጭበርበር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። አንቺ "ይቅር ብዬዋለሁ" ብትዪም ዐቃቤ ሕግ መቀጠል ይችላል። ሽማግሌዎቹ "ወንጀሉንም ታነሳለች" ብለው ቃል እንዳያስገቡብሽ፤ በእጅሽ ያለ ነገር አይደለም።

ገዢው ስለሚለው ቅን ልቦና። በቅን ልቦና ገዝቶ የያዘ ባለቤት ይሆናል የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1161 የሚናገረው ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ቤት በሌላ ሥርዓት ነው የሚተዳደረው። ካርታ በስሙ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ይህ ቁጥር 1195 ነው። ቀጣዩ ቁጥር 1196 ግን ግምቱ የሚፈርስበትን መንገድ ይዘረዝራል። ካርታው የተሰጠው በማይጸና ተግባር ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ይፈርሳል። በሐሰተኛ ውክልና የተደረገ ሽያጭ ሌላ ምንድን ነው? ቤት ለመሸጥ ወኪል ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ቁጥር 2205 ግልጽ ነው። ወንድምሽ በእጁ የነበረው እውነተኛ ውክልና የማስተዳደር ብቻ ነው።

ደግሞ አንቺ ራስሽ የጻፍሽውን አንድ ነገር ተመልከች። ገዢው በ2011 ገዛሁ ይላል። እስከ 2014 ግን ኪራይ የሚሰበስበው ሻጩ ነው። ከኪሱ 900 ሺህ ብር አውጥቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ተከራዮቹን አንድም ቀን ያላነጋገረ ገዢ አይቻለሁ ማለት አልችልም። ተከራዮቹን በምስክርነት ቁጠሪያቸው። እስከ መቼ ለማን እንደከፈሉ ይናገሩ፤ ደረሰኝ ወይም የባንክ ማስተላለፊያ ካላቸው ይያዝ። ቅን ልቦናው እዚያ ላይ ነው የሚፈተነው።

ሚስትየዋን በተመለከተ ችግሩ ክሱ የተጻፈበት መንገድ ይመስለኛል። ውሉን አልፈረመችም፤ ስለዚህ "ውል ይፍረስ" በእሷ ላይ አይሠራም። በሌላ ሰው ሀብት አላግባብ የበለጸገ ይመልስ የሚለው ቁጥር 2162 ግን ይሠራል። ጠበቃሽ ክሱን ማሻሻል ወይም በይግባኙ ላይ ይህን ማንሳት እንደሚሻል ይመዝን። ሆኖም እሷን የምትፈልጊው ለ900 ሺህ ብሩ ነው። ቤቱ ከተመለሰልሽ ያንን ገንዘብ የሚጠይቃት ገዢው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ የባንክ መግለጫዋ በማስረጃነት ይቅረብልሽ። እሷ በተከሳሽ ወንበር መቀመጧ ያን ያህል አያስፈልግሽም።


የጅዳዋ፦

ገዢው ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ መቀመጡን እንደ ማስረጃ አስቤው አላውቅም ነበር። ከተከራዮቹ ሁለቱ አሁንም እዚያው ናቸው። አንዷ ለወንድሜ በሞባይል ባንኪንግ ነበር የምትልክለት፤ መልእክቶቹ ስልኳ ላይ አሉ።

እናቴን ትናንት ማታ ለብቻዋ አነጋገርኳት። "ልጅሽ ቤቱን ሽጥልኝ ብላኝ ነው፤ አሁን ዋጋ ሲጨምር ካደችኝ" ብሎ ነው የነገራት። ፓስፖርቴን ፎቶ አንስቼ ላኩላትና የአክስቴ ልጅ አነበበላት። ለሽማግሌዎቹ ራሷ እንደምትነግራቸው ቃል ገብታልኛለች።

ተከራይዋ ዛሬ ጠዋት ሄዳ ነበር። የእግድ ደብዳቤው ገቢ ሆኗል፤ ፋይሉ ላይ ግን አልተያያዘም። ጠበቃዬ ነገ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ማረጋገጫ ይዞ ይሄዳል፤ እሷም አብራው ትሄዳለች። የብይኑ ግልባጭ ሰኞ ይወጣል፤ ይግባኙ ከ60 ቀኑ በፊት ይገባል። ፋይሉ ላይ መያያዙን እንዳረጋገጡ እዚህ እጽፋለሁ።